የሚሰማ ታሪክ፦ ከነጋሪት እስከ ጆሮ ማዳመጫ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣ የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ሙዝ ጭኖ ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሾፌር፣ ሱቋን ከፍታ ደንበኛ የምትጠብቅ ነጋዴ ዛሬ በስልካቸው የሚያዳምጡት ሙዚቃና ዜና ብቻ አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ ይተረክላቸዋል፤ የቀድሞ ባለሥልጣን ማስታወሻ ይነበብላቸዋል፤ ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚባዛ የሚመክር መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማላቸዋል። እኛ መምህራን ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ የምናየው በንቀት ነው። «አዳመጥሁ እንጂ አነበብሁ አትበል» እያልን ተማሪዎቻችንን እናርማለን።

እኔ በዚህ ንቀት አልስማማም። ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለፈተና ሳይሆን ለራሳቸው ሲሉ፣ ስለ ሀገራቸው ያለፈ ዘመን ለሰዓታት ማዳመጥ መጀመራቸው ለአንድ የታሪክ መምህር የምሥራች ነው። ሆኖም አንድ ስጋት አለኝ። ስጋቴ ከጆሮ አይደለም፤ ጆሮ በዚህች ሀገር የታሪክም የሕግም ጥንታዊ በር ነው። የሚያሳስበኝ አድማጩ ብቻውን መቅረቱ፣ የሰማውን የሚጠይቅበትና መልስ የሚሰጥበት አደባባይ ማጣቱ ነው። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንድመለስ ፍቀዱልኝ።

ሕግ በእኛ ዘንድ ከመነበቡ በፊት ይሰማ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ቃሉን ያወርዳል። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ በጋዜጣ መታተም ሲጀምር እንኳ ለጋዜጣው የተመረጠለት ስም «ነጋሪት» ነበር። ወረቀቱ የከበሮውን ስም ወረሰ፤ ዛሬም ሕግ በሥራ ላይ ዋለ የምንለው በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ስንክሳር በየዕለቱ ለጉባኤ የሚነበብ መጽሐፍ እንጂ ምእመኑ ቤቱ ወስዶ ለብቻው የሚገልጠው አልነበረም። መጽሐፍ ማለት አብዛኛው ሰው በሌላ ሰው አንደበት የሚያውቀው ነገር ነበር።

ይህ የመስማት ባህል ግን አብረውት የሚሄዱ ልማዶች ነበሩት። የአንድምታ መምህር ንባቡን አሰምቶ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ወዲያው «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ተማሪው ከአንድ አንደበት ብዙ ፍቺ ይሰማል፤ አንዱ ፍቺ ብቻውን የመጨረሻ ቃል ሆኖ አይቀርብለትም። በአደባባይ ሙግት ደግሞ «ተጠየቅ» የሚል ቃል ነበረ። ተናጋሪ የፈለገውን ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ባላጋራው «ተጠየቅ» ብሎ ይነሣበታል፤ ሰሚው ሕዝብም ከሁለቱም ሰምቶ ይፈርዳል።

ከዚህ ከሲቀላ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ብንወጣ ደግሞ ዱቡሻን እናገኛለን። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበት፣ የሚሟገትበትና የሚታረቅበት አደባባይ ነው። የዚያ ማኅበረሰብ ሕግና ታሪክ ለብዙ ዘመን የኖረው በወረቀት ላይ ሳይሆን በዚያ አደባባይ በሚነገረው ቃል ነው። አንዱ ቆሞ ይናገራል፤ ሌላው ተነሥቶ ይመልሳል፤ ነገሩ ስምምነት ላይ ካልደረሰ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። እዚያ የተቀመጠ ሰው አድማጭ ነው፤ ነገር ግን ተራው ሲደርስ የሚናገር አድማጭ ነው።

ለጆሮ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ የተፈጠረ ሰው ማን ነው ብትሉኝ ሸማኔው ነው እላለሁ። እጁ ከመወርወሪያው፣ እግሩ ከመርገጫው፣ ዓይኑ ከጥለቱ አይለይም፤ ነጻ የሆነው ጆሮው ብቻ ነው። የዶርዜና የሌላውም የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር ሲያደርጉ፣ የሸማኔው ቤት የጨዋታና የወሬ ቤትም ሆነ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት አራት ሰው ሲሠራ የሬዲዮውን ነገር አንዱ ያደንቃል፣ አንዱ ይነቅፋል፣ አንዱ ደግሞ «ይህስ እንዲህ አልነበረም» ይላል።

ከዚህ ጋር በጣም የሚቀራረብ ታሪክ በኩባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1865 ሃቫና ውስጥ ኤል ፊጋሮ በተባለው የሲጋራ ፋብሪካ የነበሩ ሠራተኞች ትምባሆ ሲጠቀልሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብላቸው ሰው ቆመላቸው። የአንባቢውን ደመወዝ የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ከራሳቸው ገቢ አዋጥተው ነው። ጋዜጣ ይነበባል፣ ታሪክና ፖለቲካ ይነበባል፣ ልብ ወለድም ይነበባል፤ ምን እንደሚነበብ የመምረጥ ልማድም በሠራተኞቹ ዘንድ ጸና። ቅኝ ገዥው የስፔን አስተዳደር በ1866 ንባቡን ከለከለ። ልማዱ ግን አልጠፋም፤ ከስደተኞቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ገባ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1931 የፋብሪካ ባለቤቶች አንባቢዎቹን አስወጡና በቦታቸው ሬዲዮ ገባ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልኝ። ባለቤቶቹ በፋብሪካው ውስጥ ድምፅ መኖሩን አልጠሉም። የጠሉት ሠራተኛው የመረጠውን ድምፅና ከንባቡ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። የተቀዳ ድምፅ ከታሪካችን ጋር የተገናኘው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ብሎ ነው። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች፤ ከተሰማ በኋላ የተቀዳበት እንዲጠፋም አሳሰበች። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱ በ1891 ዓ.ም. በአማርኛ መልስ ቀድተው ላኩ፤ የእነርሱ ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። ለእኔ ከመሣሪያው ይልቅ የሚገርመኝ የንግሥቲቱ ጥንቃቄ ነው። ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ሲዞር ምን ሊሆን እንደሚችል ገና ከጅምሩ የገባት ትመስላለች።

ምን ሊሆን እንደሚችል እኛ ያየነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ድምፅ በአዲስ አበባ ሬዲዮ ተሰማ። የተነበበው ቃል የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች ቃል ነበር፤ ድምፁ ግን የልዑሉ ነበር። ልዑሉ ወደው ነው ወይስ ተገደው ያነበቡት የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ሰሚው በእጁ የነበረው ማስረጃ የድምፁ ባለቤት ማንነት ብቻ ነበር፤ ከጀርባው ማን እንደቆመ ሬዲዮ አያሳይም። ከሌላው ወገን ደግሞ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት በወረቀት ታትሞ ተበተነ። በዚያች ሳምንት የአዲስ አበባ ሰው በአንድ ጆሮው የሬዲዮውን አዋጅ፣ በእጁ ደግሞ የውግዘቱን ወረቀት ይዞ ማንን እንደሚያምን ማመዛዘን ነበረበት።

ከ14 ዓመት በኋላ ሌላ ታላቅ ነገር በጆሮ መጣ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚነካው የደቡብ ጭሰኛ አዋጁን ማንበብ አይችልም ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መሬት አይፈቀድም የሚለው ድንጋጌ በወረቀት የደረሰው ለጥቂቱ ነው። ሌላው የሰማው ከሬዲዮ ወይም ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ነው፤ ወይም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከዘመቱት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ሬዲዮው አዋጁን ያሰማል፤ ዘማቹ ግን ይጠየቃል። «የእኔ ማሳስ?» «የባለ መሬቱ በሬስ?» «የዘንድሮው እርቦስ ይከፈላል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ሬዲዮው ሊመልስ አይችልም። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የሚጠየቅ ሰው ግን እፊታቸው ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ መጽሐፍ ትረካ እንምጣ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅቱ መጽሐፍን ወደ ብዙ ሕዝብ ጆሮ አደረሰ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተረከበት ድምፅ ዛሬም ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ትረካውን ሰምቶ በኋላ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ጉዱ ካሣን በራሱ ሐሳብ ሊያናግረው ቢሞክር አይሆንለትም፤ ወጋየሁ ቀድሞ አናግሮታል። በልብ ወለድ ይህ ጸጋ ነው። ደራሲው የፈጠረውን ሰው ተዋናዩ እንደገና ይፈጥረዋል፤ ማንም አይጎዳበትም።

በታሪክ መጽሐፍ ግን ነገሩ ይለያል። ተራኪው አፄ ምኒልክን በግርማ፣ ተቃዋሚያቸውን በሻካራ ድምፅ ሲያነብ፣ ደርግን በነጎድጓድ፣ እስረኛውን በለሆሳስ ሲያነብ፣ ያ የድምፅ ለውጥ በራሱ ፍርድ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ፍርድ በጽሑፍ ቢሰጥ «ይህን ከምን አገኘኸው?» ብለን የግርጌ ማስታወሻውን እንፈልጋለን። የድምፅ ቃና የግርጌ ማስታወሻ የለውም። ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ አንድን ንጉሥ «ጨካኝ» ወይም «ቅን» ሲል «እንዴት አወቅህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ አንዳንዱ በቅንነት «ሲተረክ ሰምቼ» ይለኛል። መጽሐፉን ራሱን ብንገልጠው ያ ቅጽል የሌለበት ጊዜ አለ። ያመጣው የተራኪው ጉሮሮ ነው።

ከቃናው ሌላ የምልክት ጉዳይ አለ። የውጫሌ ውልን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመው የዚህ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ የተነሣው ከአንድ ግሥ ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ በኢጣሊያንኛው ግን ይህ ግዴታ ሆነ። ጦርነት ያመጣ ልዩነት ነው። አንባቢ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ ሊያመላክት ይችላል። አድማጭ ግን በዚያች ቅጽበት መኪና ጥሩምባ ቢያሰማ ግሡ ያልፈዋል፤ የሚቀረው «ኢጣሊያ አታለለችን» የሚለው ድምዳሜ ብቻ ነው። ድምዳሜው ትክክል ነው፤ ግን እንዴት እንደተደረሰበት የማያውቅ ሰው ነገ የተሳሳተ ድምዳሜ ቢቀርብለትም መለያ የለውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፖለቲከኞች ማስታወሻ ነው። ማስታወሻ «እኔ» እያለ የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲገባ ደግሞ ያ «እኔ» ከአድማጩ ሐሳብ ጋር ይቀላቀላል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» እና የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» የአንድን ዘመን ደም ከሁለት ተቃራኒ ወገን የሚያዩ መጻሕፍት ናቸው። አንዱን ብቻ ለሳምንታት ሲያዳምጥ የከረመ ወጣት ከሌላው አድማጭ ጋር ሲገናኝ የሚነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሀገሮች ነው የሚመስለው። እኔ አንዱን አትስሙ አልልም፤ ሁለቱንም ስሙ ነው የምለው። ችግሩ አንዱ ድምፅ ሲያልቅ ሌላው ተነሥቶ «ተጠየቅ» አለማለቱ ነው። በስልኩ ላይ ቀጥሎ የሚቀርብለት ትረካ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀደም ሲል የሰማውን በመምሰሉ ነው።

የገንዘብ መጻሕፍትን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ፤ ምክንያቱም በዚህች የንግድ ከተማ ከታሪክ ይልቅ ተደማጭ ሳይሆኑ አይቀሩም። በአማርኛ ከተስፋፉት ትርጉሞች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ኪዮሳኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ስለ ሀብታሙና ስለ ድሃው አባት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ምክር በአብዛኛው የቆመው ቤትና መሬት በብድር ገዝቶ በማከራየትና አትርፎ በመሸጥ ላይ ነው። እኛ ያለነው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም የሚል ሕገ መንግሥታዊ አንቀጽ ባለበት ሀገር ነው፤ አንቀጽ 40ን ይመለከቷል። ይህ ድንጋጌ መልካም ነው መጥፎ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ነገር ግን እርሳስ ይዞ የሚያነብ ነጋዴ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ይህ እዚህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ያሰምራል። የሚያዳምጠው ደግሞ የተራኪውን ሙቀት ይዞ ይነሣል፤ ሒሳቡን ግን አልሠራውም።

ከዚያ ጋር አነጻጽሩ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘውን የምጣኔ ሀብት መጽሐፉን ጽፎ ያለፈው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ፣ ኋለኛው የብዙ ቀን ድካሙን ለፊተኛው የጥቂት ቀን ድካም እየለወጠ ድሃ እንደሚሆን ያስረዳል። ክርክሩ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንድ ቀለበት ካመለጠ ቀሪው አይያዝም። ይህን መጽሐፍ በጥሩ ድምፅ ቢተረክ ደስ ይለኛል፤ ግን ተራኪው በየምዕራፉ እንዲያቆምና አድማጩ እንዲመለስ እንዲያደርገው እለምነዋለሁ።

አሃዝማ ከሁሉ ይልቅ ከጆሮ ያመልጣል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይህን ሁሉም ሰምቷል። የትርፍ ድርሻ ከምን እንደሚመጣ፣ አክሲዮኑን መልሶ ለመሸጥ ምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ግን በረጅሙ የደንበኛ መግለጫ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው። የሲቀላ እቁብተኛ እቁቡን የሚገባው ዳኛውንና ጸሐፊውን እየጠየቀ ነው፤ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ፣ ያልከፈለ ምን እንደሚደረግ እዚያው ይነገረዋል። ያው ሰው ስለ አክሲዮን የሚማረው ግን ከማያውቀው ድምፅ፣ ብቻውን ነው።

በመጨረሻ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ጎረቤታችን ወላይትኛ ከእነርሱ አንዱ ሲሆን ጋሞኛ አልነበረበትም። ስለዚህ ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው የጋሞ ደጋ እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ በገዛ ቋንቋቸው ፊደል አልቆጠሩም። ለእነርሱ የሚሰማ መጽሐፍ ቅንጦት አይደለም፤ ያለው አንድ በር እርሱ ነው። ሆኖም በስልክ ላይ የምናገኘው የታሪክ ትረካ የሚበዛው በአማርኛ ነው፤ እኔ በጋሞኛ የተነበበ ረጅም የታሪክ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። የጋሞ ታሪክ ራሱ ለጋሞ አዛውንት በሌላ ቋንቋ እየተተረከ፣ እነርሱም ዝም ብለው የሚሰሙ ሆነው እንዲቀሩ አልሻም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ይህች ከተማ ምን ልትሆን እንደነበር የምታስታውሱ በአዳራሹ አላችሁ። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ብዙ ሰው መገደሉ ሲሰማ ወጣቶቻችን በቁጣ አደባባይ ወጡ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ የበቀል ዕጣ ሊወድቅባቸው የነበሩት ግን በደሉን ያልሠሩ ሰዎች ነበሩ። የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። እኔ የምጨምረው የታሪክ ተማሪ የሚያየውን አንድ ነጥብ ነው፦ ወጣቶቹን ያወጣቸው ወሬ የመጣው መልስ በማይሰጥበት መንገድ ነው፤ የመለሳቸው ቃል ግን የተነገረው ፊት ለፊት፣ በሚያውቋቸው ሰዎች፣ መልስ በሚሰጥበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለዚህ የትምህርት ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጋሞን ደጋ ታሪክ ከአዛውንቶች እንቅዳ፤ ግን አንድ ተራኪ ብቻ አይሁን። አንዱ ሲናገር ሌላው «እኔ የሰማሁት እንዲህ አይደለም» የሚለውን ቆርጠን አንጣል፤ አብሮ ይቀዳ፤ በጋሞኛና በአማርኛም ይጻፍ። ሴቶችም ይናገሩ፤ በዱቡሻ የወንዶች ድምፅ ለረጅም ዘመን አይሎ መኖሩን አንካድ። ሥራውን ለመጀመር ታላቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ መቅጃ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ጥቂት ተማሪዎችና ትዕግሥት ይበቃሉ። የሚከብደው መቅዳቱ ሳይሆን የተቀዳውን መጻፍ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር በጥንቃቄ ለመጻፍ ቀናት ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ በሲቀላም በሴቻም ተማሪዎቻችን አንድ መጽሐፍ በቡድን አዳምጠው በየምዕራፉ ማቆምና መከራከር ይችላሉ፤ ይህ ከነገ ጀምሮ የሚቻል ነው።

እኔ ብቻዬን ከተናገርሁ ቆየሁ፤ ድምፅ ማጉያው ወደ እናንተ ይዙርልኝ። ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እንጀምር።